ሦስት ዓይነት ዓይን

የካቲት 27 ቀን፣ ዓርብ። «ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት» ይላል የመጨረሻው መስመር። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው።

መስመሩ የሚገኘው ታላቅ እኅቴ ትሠራበት በነበረው የዓይን ሕክምና ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ፣ «መመሪያ» ብላ በሰየመችው ገጽ ላይ ነው። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋት ስለነበር፣ በቦታዋ ለምትመጣው ጸሐፊ የሥራዋን ቅደም ተከተል እየጻፈችላት ነበር። ዓርብ ከሰዓት እዚህ ላይ ስትደርስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አይታ መሆን አለበት፤ የጻፈችውን ዘግታ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፏ አልተነሣችም። ልብ ነው አሉን።

እኔ በዚያው ሆስፒታል የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም መዝገብ አያያዝ ነው። ያላለቀ ሰነድ ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሐዘን ሊደርሱን የመጡት ሁሉ «ደግ ነበረች» አሉ። ደግ ነበረች፤ ነገር ግን ደግነቷ ምን ይሠራ እንደነበር፣ በየትኛው ቀን ለማን እንደዋለ የተናገረ አልነበረም። ስለዚህ እኔ የማውቀውን በልኩ ልጻፍ።

ከእኔ በዐሥራ አንድ ዓመት ትበልጣለች። እናታችን ሥራ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጸጉሬን ስትጎነጉን ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ጉንጉኑን ጠበቅ ታደርገዋለች። ትምህርቷን ስትጨርስ የጽሕፈት መኪና ተማረች። በዚያ መኪና ላይ አንዱን ፊደል ለማውጣት አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት ያስፈልግ ስለነበር፣ ጣቶቿ አቋራጩን መንገድ ለመዱ። ድምፃቸው ከሚመሳሰል ፊደላት ለመምታት የሚቀናትን አንዱን ትመርጥና በእሱ ብቻ ትጸናለች። አስተማሪዋ «ፊደል አጠፋሽ» ቢሏት «አላጠፋሁም፣ አሳረፍኩት እንጂ» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው።

ሆስፒታሉ የቀጠራት ደብዳቤ እንድትጽፍ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ጠላችው። ለጥቂት ወራት በጨርቅ ሸፍና ጎኑ ተቀመጠች፤ «ይኸው ተቀብሮልኛል» ትል ነበር። ኋላ ወደ ዓይን ክፍል ስትዛወር ግን ከእሱ መሸሽ አልተቻለም። ያ ክፍል የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን ስም የያዘ ረጅም ሠንጠረዥ ነበረው፤ ስም፣ ስልክ፣ የሚሠራው ዓይን፣ ከጎኑም «ይጠብቃል» ወይም «ተሠርቶለታል»። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ሐኪሞች መሣሪያቸውን ጭነው ከሌላ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ አንድ ሳምንት ሠርተው ይሄዳሉ። ዋናው ሐኪም ደግሞ የቀኝ ዓይንና የግራ ዓይን በአንድ ቀን መቀላቀል አይወድም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚጠብቁትን ከተሠራላቸው፣ ቀኞቹን ከግራዎቹ ለይቶ በተለያየ ገጽ መገልበጥና ለሁሉም መደወል የእኅቴ ሥራ ሆነ። በእጇ እያጣራች፣ እየገለበጠች፣ አንገቷ እስኪደርቅ ትውላለች። ቤት ስትመጣ አንገቷን ዘይት እቀባላት ነበር።

ከዚህ ያሳረፋት የኮምፒውተር ጠጋኛችን ነው። ሠራተኛው «አጥፉና አብሩት» ይለዋል፤ ለማንኛውም ብልሽት የመጀመሪያ ምክሩ ይኸው ስለሆነ። አንድ ቀን ተመስጣ ስትገለብጥ አይቶ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ይህን የመቅጃ ምልክት ይጫኑ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚሠሩትን አንድ ጊዜ ይሥሩለት። ሲጨርሱ ያቁሙት። ከዛሬ ጀምሮ እሱ ራሱ ይሠራዋል። ማክሮ ይባላል።»

«አይቶ ይማራል ነው የምትለኝ? እንደ ዝንጀሮ?»

«እንደ ዝንጀሮ። ግን ይሄ አይረሳም።»

«ከአንዳንድ ሰው ይሻላላ!»

«ብልጥ እንዳይመስልዎት። ካሳዩት ውጭ ምንም አያውቅም። ደግሞ አንድ ነገር፦ ማክሮ የሠራውን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት ፋይሉን ያስቀምጡ። እባክዎን፣ ይህችን ብቻ እንዳይረሱ።»

አልረሳችም። እንዲያውም የቤታችን አነጋገር ሆነ። ለአለቃዬ የቁጣ ደብዳቤ ጽፌ ሳነብላት «ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት አስቀምጪ» ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ስንት ጊዜ ከሥራ ከመባረር እንዳዳነኝ እሷና መሳቢያው ያውቃሉ።

በሠንጠረዡ አናት ላይ ብርቱካናማ ቁልፍ ሠሩ፤ «አጣራ» ብላ ጻፈችበት። መጀመሪያ ስትጫነው ስሞቹ ዓይኗ እያየ ተደረደሩ፣ ተለያዩ፣ ቀኞቹ በአንድ ገጽ፣ ግራዎቹ በሌላው። ነርሶቹን ጠርታ ደጋግማ አሳየቻቸው። «እትዬ ወንፊት» የሚለውን ስም ያወጣላት ያን ዕለት ጠጋኙ ነው፤ እስከ መጨረሻውም አልለቀቃት።

ቁልፉ ሁለት ዙር ያለ እንከን የሠራ መሰለን።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሐኪሞቹ በመጡ በሁለተኛው ቀን፣ ልብስ ሰፊዋ መስኮቷ ላይ ቆመች። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከፋርማሲው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የነርሶቹን የሥራ ልብስ የምትሰፋ፣ እኅቴም ደንበኛዋ የሆነች ሴት ናት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና አትቆጪኝ።»

«መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ባለፈው ዚፕ አጣምሜ የሰፋሁልሽ ጊዜ።»

«እሱ ቁጣ ሳይሆን ለቅሶ ነበር።»

«ኧረ ተይ! ... የእኔ ስም ተፍቋል እንዴ? ባለፈው ዙር ስልኬን ታቅፌ ከረምኩ። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ጎረቤቴ ከእኔ ኋላ ተመዝግባ፣ ተሠርታ፣ አሁን በሬ ላይ ቆማ ስፌቴን ትተቻለች።»

«ምን ብላ?»

«ስፌትሽ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል ብላ። ደግሞ እውነቷን ነው። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝ የፋርማሲው ዘበኛ ነው፤ እሱ እረፍት ሲወጣ እኔም ሥራ እፈታለሁ። ግራ ዓይኔ ከተወኝ ቆየ። ቀኜም ከሄደ መኪናዋን ሸጬ እቀመጣለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ?»

እኅቴ ስሟን በፍለጋ አወጣችው። አለች። ሁለት ዙር ያለፈው ምዝገባ፤ ጎኑ ላይ «ይጠብቃል»። የሚሠራው የቀኝ ዓይኗ ነው። ቁልፉን ተጫነች። የቀኞቹን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየች። የለችም።

እኔ ጋ የደወለችው ያን ጊዜ ነው። «ነይ» አለችኝ፤ «አሁኑኑ ነይ፤ ሰው ጠፍቶብኛል።»

ስደርስ ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች፤ እኅቴ ፊቷ አመድ መስሏል።

«የት ነው የጠፋው?»

«እዚሁ። እዚህ አለች፤ ስጫነው የለችም። እሷን ያየሁት መስኮቴ ድረስ ስለመጣች ነው። ያልመጣውስ? ስንት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል? እኔ ደግሞ በጥቂት ወር ውስጥ ‘ደኅና ሰንብቱ’ ብዬ ልወጣ!»

ሠንጠረዡን እኔ መዝገብ እንደማነብበት አነበብኩት፤ ፊደል በፊደል። የልብስ ሰፊዋ መስመር ላይ ቆምኩ።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«የከሰዓቱ ጸሐፊ። ምነው?»

«ቀኝ ‘ዐይን’ ብሎ ነው የጻፈው። አንቺ ‘አይን’ ነው የምትዪው። ሐኪሙ ‘ዓይን’ ይላል።»

«ታዲያስ? ዓይን ያው ዓይን ነው።»

«ለአንቺ ነው። ለማሽኑ ሦስት ናቸው።»

ጠጋኙ ተጠራ። ዕድሜ ለእሱ፣ አጥፉና አብሩት አላለም። ማክሮው የተጻፈበትን ገጽ ከፈተ። ከቃላቱ መካከል የእኛ ፊደላት በመልካቸው የሉም፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የ«አ» ቁጥር አለ። የ«ዓ» ቁጥርም አለ። የ«ዐ» የለም።

«ሲቀዱት ሁለቱን ምልክት አድርገውባቸዋል» አለ ጠጋኙ። «ሦስተኛው ያን ጊዜ ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም። የከሰዓቱ ጸሐፊ የተቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ደግሞ ያላሳዩትን አያውቅም ብዬዎታለሁ።»

እኅቴ በእጇ ታጣራ በነበረበት ጊዜ ቢሆን፣ ሦስተኛው አጻጻፍ ከዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ሲል ታየውና ምልክት ታደርግበት ነበር። ቁልፉ እጇን ሲያሳርፍ ዓይኗንም አሳረፈው።

የከሰዓቱ ጸሐፊ ድምፃችንን ሰምቶ መጣ። ሰከን ያለ፣ እያንዳንዱን ፊደል በወጉ የሚጽፍ ጎልማሳ ነው። ነገሩ ሲነገረው ላብ አጠመቀው።

«እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ትክክሉ ‘ዐይን’ ነው።»

«በሥርወ ቃሉ ልክ ነው» አልኩ እኔ።

«ልክ ሆኖ ሰው አስቀረብኝ!» አለች እኅቴ። ከዚያ የሰውየውን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተ ምን አደረግህ፣ ወንድሜ። ሦስታችንም ልክ ነን፤ ችግሩ ሦስት መሆናችን ነው።»

ወዲያው በጅምላ ልትለውጠው እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች። ያዝኳት።

«መዝገቡ አይነካም።»

«ሰው እየታወረ አንቺ የመዝገብ ክብር ትጠብቂያለሽ!»

«ፊደሉን በጅምላ ከለወጥሽው የሰዎቹም ስም ይለወጣል። መታወቂያቸው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ደግሞ ሐኪሙ በእጁ ያልጻፈውን በስሙ አናስቀምጥም። ጎኑ ላይ ሌላ ዓምድ ይከፈት። እዚያ ላይ የዓይኑ ቃል ይገልበጥ፣ ሦስቱ አንድ ይሁኑ፣ ማጣራቱ በእሱ ይሁን። ዋናው እንደተጻፈ ይቆይ።»

አፈጠጠችብኝ። ልጅ ሳለሁ ጉንጉኔን ከማጥበቋ በፊት እንዲሁ ነበር የምታየኝ።

«እሺ ምሁሯ» አለች። «ጎኑ ላይ ይሁን።»

ጠጋኙና እሷ ተቀምጠው ሠሩት። ማክሮው መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ፊደላቱን ያስታርቃል፣ ከዚያ ያጣራል። እኅቴ በዚህ አልረካችም። «ከእንግዲህ ማሽኑ ዝም ብሎ እንዲዋሸኝ አልፈልግም» አለች። «ሲጨርስ የቀኙንና የግራውን ይደምር፤ ከሚጠብቁት ሁሉ ጋር ያመሳክር። ካልገጠመ ይንገረኝ።»

ጠጋኙ መልእክቱን በአማርኛ ጻፈላት። ሲሞክሩት ብቅ ባለችው ሳጥን ላይ የወጣው ረድፍ ሙሉ የጥያቄ ምልክት ነው።

«ምን ይለኛል ይሄ? እኔን መልሶ ይጠይቀኛል?»

«አማርኛ አይገባውም እትዬ፤ እዚህ ሳጥን ላይ አይወጣለትም።»

«እንግዲያው የሚገባው ቦታ ላይ ይጻፍልኝ።»

መልእክቱን ከቁልፉ ጎን፣ ሠንጠረዡ ላይ አደረጉት። ከጎደለ በቀይ «የቀረ ሰው አለ፤ ተመለሺ» ይላል። ከሞላ በአረንጓዴ «ማንም አልቀረም»። አስቀመጠች፣ ተጫነች። ከልብስ ሰፊዋ ሌላ ዘጠኝ ሰዎች ወጡ። አረንጓዴው በራ። እኅቴ ግን አልተነፈሰችም፤ የዘጠኙን ስም እያነበበች ከንፈሯን ነከሰች።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛ የሐኪሙን በር አንኳኳች። ከኋላዋ ነበርኩ።

«ዶክተር፣ ዐሥር ሰው ቀርቶብኛል።»

«ለሚቀጥለው ዙር ይያዙልኝ።»

«ሁለት ዙር ቀርተዋል። ሦስተኛ አላስቀራቸውም።»

«እትዬ፣ ቀኑ ሁሉ ተይዟል። ጊዜ ከየት ላምጣ?»

«ዓርብ ከሰዓት መሣሪያ ማሸጊያ ነው ብላችኋል።»

«አዎ፣ ማሸግ አለብን።»

«እኔ አሽግላችኋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፋይል ሳሽግ ነው የኖርኩት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ፤ ቀልድ መሆኑን እንድነግረው የፈለገ ይመስል ነበር። አልነገርኩትም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «መሣሪያዬን አንድም ሰው አይነካብኝም» አለ። «ዓርብ ከሰዓት ግን አምጧቸው። ከምሳ በኋላ ወዲያው።»

ያን ቀን ስትደውል ዋለች። አንድ ሽማግሌ ጮኸውባት ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ፤ «ስንት ጊዜ ረስታችሁኝ አሁን ዓርብ ና ትሉኛላችሁ?»

«አዎ ጋሼ፣ ይምጡ» አለቻቸው። «ስድቡንም ሳይጨርሱ ይዘውት ይምጡ፤ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማዎታለሁ።»

መጡ። ስድባቸውን ግን መንገድ ላይ ጥለውት ሳይሆን አይቀርም፤ ስታገኛቸው እጇን ይዘው «ምሪኝ» ብቻ ነው ያሉት።

ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ሰፊዋ ዓይን ተፈታ። እኅቴ የዕረፍት ቀኗ ሆኖ ሳለ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ብርሃኑን እየለመደች ቆየች፣ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፣ ከዚያ እኅቴን ትኩር ብላ አየቻት።

«ውይ እትዬ! ይህን ያህል ሸብተሻል እንዴ?»

«አንቺ ነሽ ያሸበትሽኝ፣ በዚህ ሳምንት!»

«ቆይ፣ ያ የለበስሽው እኔ የሰፋሁት ነው? ኧረ አውልቂው! በሰው ፊት እንዲህ ሆኖ ነው የምትሄጂበት? ምነው አልነገርሽኝ!»

ነርሷ ሳቀች፣ ዘመዶቹ ሳቁ። እኅቴ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እየሳቀች አለቀሰች። ጎኗ ሆኜ ያደመጥኩትን ያን ረጅም ትንፋሽ አልረሳውም፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነው። ቤት ገብታ ምሳዋን ጠርጋ በላች። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እስከ አመሻሽ ድረስ ተኛች፤ አንገቷንም አልታሸችም።

ከዚያ ወዲህ የነበራት ጊዜ ቀላል ጊዜ ነበር። ይህን ደፍሬ እጽፋለሁ፤ አብሬያት ስለኖርኩ አውቃለሁ። ጡረታን ስትፈራው የነበረችው ቁጭ ማለቱን ጠልታ አይመስለኝም፤ ሥራዋን ጎዶሎ ትታ እንዳትሄድ ነበር ጭንቋ። ያ ፍርሃት ለቀቃት። ከከሰዓቱ ጸሐፊ ጋር በቀልድ ተስማሙ፤ እሷ «አይን» ትላለች፣ እሱ «ዐይን» ይላል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ይጽፋሉ፣ ማክሮው ያስታርቃል። «ሽማግሌያችን» ይሉታል።

ከቀብሯ በኋላ ወንበሯ ላይ የተቀመጥኩት የሚያዝያው ዙር ሲቃረብ ነው። አዲሷ ጸሐፊ ገና አልመጣችም ነበርና ዝርዝሩን ማውጣት ወደ እኔ ዞረ። ያላለቀችውን መስመር ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ሳትነግረን የሄደችው ነገር ይኖር ይሆን፣ በዚያ ሳቢያ ደግሞ ሰው ይቀር ይሆን ብዬ። ከዚያ መስመሩን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። «ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት»። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? በቤታችን ይህን ዐረፍተ ነገር ከእኔ የበለጠ የሰማው የለም። ከጎኑ «አስቀምጪ» ብዬ ጻፍኩና አራት ነጥብ አኖርኩለት። እንዳለችው አስቀመጥኩ። ተጫንኩ። ስሞቹ ተደረደሩ፣ ተለያዩ፣ አረንጓዴው በራ፦ «ማንም አልቀረም»።

ለቅሶው ሲመጣብኝ አልከለከልኩትም። ግን እፎይታም ነበረበት።

የዚያን የመጨረሻ ዓርብ ቀሪውን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። እኅቴ ከሥራ እንደወጣች በጀርባው በር ዞራ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ገብታለች። ለማሳጠር የሰጠቻት ግራጫ ጉርድ ቀሚስ ነበረ። ገና የመጨረሻዋ ጫፍ አልተሰፋችም። «ተቀመጪ፣ አሁን ይደርሳል» ብላት፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ አንሥታ ክሩን ራሷ አስገባች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክራ። እኅቴ ያን እያየች «ዘበኛውን ከሥራ አስወጣሽው በይ» አለቻት። ተሳሳቁ። እኅቴ ስፌቱን መስኮቱ ጋ ይዛ ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ቀጥ ያለ ነው። ሒሳቡን ከፈለች፣ ቀሚሱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ቤት መጥታ ከበሩ ኋላ ሰቀለችው።